መጨረሻ የተተከለ ጦር

ጋሪው ቁልቁለቱን እየተንጓጓ ሲወርድ ሊቱማራ በቅሎዎቿን ትሰድብ ነበር። ወንድሟ ሱመሎስ ከኋላዋ፣ በጨው የታጨቀ የዓሣማ ሥጋ በርሜል ላይ ተፈናጦ፣ ሰይፉን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ከሥጋው ጨው ለስድቧም ትንሽ ቆንጠር እንድታደርግለት ይመክራታል።

«እናታቸውንስ ለምን ተውሻት?» አላት።

«እናታቸው ምን በደለች? ፈረስ ናት፤ ጨዋ። አህያው አባታቸው ነው።»

«አህያም ቢሆን ልጆቹ ጋሪ ይጎትታሉ። አባቱም እናቱም ፈረስ ሆነው እሱ ብቻ አህያ የወጣ ስንት ባላባት ታች ሜዳው ላይ አለ።»

«ቀስ በል፤ ሰው ይሰማሃል።»

«ይስማ። ሱመሎስ ነው ያለው ከተባለ ማን ያምናል?»

እውነቱን ነው። ከጎል ምድር ሕዝቦች ሁሉ ታርቮኖች በውሸት የታወቁ ናቸው፤ ከታርቮኖች ደግሞ ሱመሎስን የሚስተካከል አልተወለደም። አንድ ጊዜ ከርከሮ አባሮት ዛፍ ሊወጣ ሲል ከርከሮው ቀድሞ ወጥቶ እጁን ይዞ እንደሳበው በየጠላ ቤቱ ሲምል ኖሯል። እንዲህ ያለ ሰው ለአገር ጉዳይ ምን ይሠራል ቢባል ካባ ቆራጭ ነው። በጉባኤ ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው አቋርጦ ቢጮህ፣ ሱመሎስ ሰይፉን መዝዞ ይሄድና ዝም በል ይለዋል። ካልሰማ ይደግምለታል። በሦስተኛው ካባውን ይዞ ይቆርጠዋል፣ የቀረው ለአህያ ግላስ እንኳ እንዳይበቃ አድርጎ። ባላባቶቹ ሱመሎስን ይንቁታል፤ ካባቸውን ግን ከአጠገቡ ያርቃሉ።

በዚያ ማለዳ ወደ ሜዳው ያልወረደ ጦር መያዝ የሚችል ታርቮን አልነበረም። የዓመቱ ገዥ ኮምባሮማር የጦር ጉባኤ ጠርቷል። የጦር ጉባኤ ሲጠራ ሁሉም መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፤ ከሁሉ መጨረሻ የደረሰው በሁሉ ፊት ይገደላል። ከቅድመ አያት የወረደ ሕግ ነው። ጥሩነቱ ሰውን ማፍጠኑ ነው። ክፋቱ፣ ሰው የቱንም ያህል ቢፈጥን አንድ መጨረሻ የሚሆን አይታጣም። ካቻምና አንዱ ባላባት ጎረቤቱን ሊያስዘገይ ሱሪዎቹን በሙሉ ሰረቀው። ጎረቤቱ ያለ ሱሪ ጋልቦ ቀድሞ ደረሰ፤ ሌባው የሱሪ ክምር ሲደብቅ ዘግይቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ባላባቶቹ ሁለት ሁለት ሱሪ ደርበው ነው የሚተኙት ይባላል።

ሱመሎስ አይቸኩልም። ካባ ቆራጩ የጉባኤው አገልጋይ ስለሆነ ሕጉ አይቆጥረውም። ሊቱማራም ሴት ናት፤ የምትጨነቀው ለልጇ ነበር፤ ልጇ ዳኖታል ደግሞ ትናንት ተጠርቶ ሌሊቱን ጋልቦ ሜዳው ደርሷል ብላ ደምድማለች።

መንገዱ ታጥፎ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ካምቦን አዩት። የገዥው መልእክተኛ ነው። አንድ መጋላ ፈረስ ዛፍ ላይ አስሮ፣ እግሩን ዘርግቶ አይብ ይበላል። ቀይ የተቀባው የጥሪ በትር ወገቡ ላይ ተሰክቷል።

«ካምቦ» አለ ሱመሎስ፣ «ያ በትር እስካሁን ወገብህ ላይ ምን ይሠራል? ጉባኤው እኮ ዛሬ ነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ማን?»

ካምቦ ጉርሻውን ዋጠ። ጋሪ ነጂዋ የማን እናት እንደሆነች ትዝ ያለው አፉን ከከፈተ በኋላ ነው። «በወንዙ መሻገሪያ፣ በመልካው ዘብ ያለው... ዳኖታል።»

ሊቱማራ ልጓሙን ሳበች። «ልጄ አልተጠራም?»

«ይጠራል እንጂ እማማ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሥ፣ ፈረሱን እንዳታደክመው ተብዬ ነው። ጌታችን ለፈረስ በጣም ያዝናሉ።»

ሊቱማራ ከጋሪው ወረደች፤ ቀሚሷን ሰብስባ በቀበቶዋ ሸጎጠች፤ በትሩን ከካምቦ ወገብ መዘዘች፤ ፈረሱን ፈትታ ወጣችበት።

«እማማ፣ ፈረሱ የጌታዬ ነው።»

«አላደክመውም በለው» አለችና ፈረሱን በበትሩ ታፋው ላይ ዠለጠችው።

ሱመሎስ ሮጦ ልጓሙን ያዘባት። አጎንብሳ በጆሮው ተናገረች። «ክንፍ ብናወጣ እንኳ ከሁሉም በኋላ ነው የምንደርሰው። ልጄን ሊያርዱት ነው።»

«አንቺ ብቻ አምጪው። መጨረሻ የሚሆን ሰው እኔ እፈልጋለሁ።»

«ሁሉም ገብተው የለ? ከየት ታመጣለህ?»

«ከገቡት ውስጥ።»

ይህን ሲል እንዴት እንደሚሆን አያውቅም ነበር። ሱመሎስ አስቦ የሚዋሽ ሰው አይደለም፤ ዋሽቶ ነው የሚያስበው።

ምክንያቱ ግን ገብቶታል። ሮማውያን ከወንዙ ማዶ ከሰፈሩ ጀምሮ ኮምባሮማር ቀን ቀን ስለ ጦርነት ይፎክራል፤ ሲመሽ የሕዝቡን እህል በጋሪ ጭኖ ወደነሱ ይልካል። ዳኖታል መልካው ላይ ዘብ ሳለ ከነዚያ ጋሪዎች አንዱን ይዟል። ከእህሉ ጆንያ ሥር ትንንሽ ልጆች አገኘ፤ ለመያዣነት ለሮማው አዛዥ የሚሰጡ፣ ከሩቅ መንደር የተለቀሙ የድሃ ልጆች። ዳኖታል ለሰው አላወራም፤ ሱመሎስ የሰማው የተያዘው ጋሪ ነጂ ጠላ ቤት ሰክሮ ሲለፈልፍ ነው። ስለ አገር የሚነገር በጉባኤ ብቻ ነው ይላል ሕጉ፤ ልጁም ሕግ አክባሪ ነው፤ በዚህ በኩል አጎቱን አልወጣም። ኮምባሮማርም ጉባኤ ካልተጠራ ልጁ እንደማይናገር፣ ከተጠራ ደግሞ እንደሚናገር ስላወቀ፣ ልጁ የሚሞትበትን ጉባኤ ጠራ። ጦርነት ሊያውጅ ነው ብሎ ያጨበጨበለት ሕዝብ አንድ ሰው ሊያሳርድ እንደሰበሰበው አያውቅም።

ሱመሎስ ካምቦን ጋሪው ላይ ጫነው። ቀድሞ ሮጦ ለጌታው እንዳይነግር ጋሪው ላይ የነበረውን የገብስ ጠላ እንስራ አስታቀፈው። አንድ ኮረብታ ሳያልፉ ካምቦ የዓሣማ ሥጋውን በርሜል ተደግፎ ያንኮራፋ ነበር።

*

የጉባኤው ቅጥር ክብ ነው፤ አንድ በር አለው። እያንዳንዱ ሰው ሲገባ ጦሩን ከአጥሩ ሥር በራሱ ጉድጓድ ይተክላል። ጉድጓድ ሁሉ ጦር ሲያገኝ ካህኑ በሩን በገመድ ያስረዋል፤ ከዚያ መጨረሻ የተተከለው ጦር የማን እንደሆነ ይጠየቃል። ሱመሎስ ሲደርስ ባዶ የቀረው ጉድጓድ የዳኖታል ብቻ ነበር።

ባላባቶቹ ያንን ጉድጓድ እያዩ የሚሰማቸውን ደስታ መደበቅ አቅቷቸዋል። ጸጉራቸውን በኖራ ውሃ አቁመው፣ ጢማቸውን አበጥረው፣ ሁለት ሁለት ሱሪ ታጥቀው፣ እርስ በርስ እየተቃቀፉ በሕይወት በመኖራቸው እንኳን አደረሰህ ይባባላሉ።

«ምስኪን ዳኖታል» አለ ቶውቲል፣ የኮምባሮማር አማች። «ጥሩ ልጅ ነበር።»

«ነበር? ገና አልሞተም እኮ» አለው ጎኑ ያለው።

«ቀድሞ ማዘን ጨዋነት ነው። ፈረሱን ግን ማን ይወስደው ይሆን?»

ኮምባሮማር መሃል ላይ፣ በድብ ቆዳ በተሸፈነ ድንጋይ ተቀምጧል። በታርቮኖች ሕግ የወጣት ቀበቶ ይለካል፤ ሆዱ ከልኩ ያለፈ ይቀጣል። ኮምባሮማር በተሾመ ማግስት ይህ ሕግ ለወጣት እንጂ ለገዥ አልተሠራም ብሎ አስፈረደ። ባላባቶቹም ሆዱ እንዳልወፈረ፣ ቀበቶው በዝናብ እንደተሰበሰበ መሰከሩለት። ዛሬ ከላይ የደረበው ቀይ ካባ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም። እንደዚያ ያለ ቀይ በታርቮኖች አገር አይነከርም፤ ከወንዝ ማዶ ብቻ ነው የሚነከረው።

«ካባ ቆራጭ» አለው ሱመሎስን ሲያየው፣ አፉ በሥጋ እንደተሞላ። «የእህትህ ልጅ የት ቀረ? ወጣት ሆኖ እንቅልፍ ያበዛል?»

«የሚወዱት ገዥ ስላለው ያለ ሐሳብ ይተኛል ጌታዬ።»

ኮምባሮማር ሳቀ። ባላባቶቹም ሳቁ፤ ቶውቲል ቀልዱን ሳይሰማ ነው የሳቀው። ያኔ ሱመሎስ የሰውየውን ፊት ትክ ብሎ አየው። የሰባ፣ የረካ፣ ገና ያልጠገበ ፊት። ሁሉ ነገር አለው፤ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ በየዓመቱ መመረጥ ሰልችቶታል። ሱመሎስ የሚለውን ያወቀው በዚህች ቅጽበት ነው።

«ጌታዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወሬ አለኝ።»

«ካንተ ወሬ ጠፍቶ ያውቃል?»

«የጆሮ ነው።»

ኮምባሮማር ማኘኩን አቆመ። ታርቮኖች መንገደኛ ባዩ ቁጥር ይዘው ወሬ ስለሚለቅሙ፣ ባልተጣራ ወሬ አገር ስንት ጊዜ ተተራምሷል፤ ስለዚህ ሕግ ወጣ። አገርን የሚነካ ነገር የሰማ ለዓመቱ ገዥ ብቻ፣ በጆሮ ይናገራል። ገዥው ወይ ለጉባኤ ይገልጠዋል፣ ወይ ይውጠዋል፤ ለሌላ ሰው ሹክ ማለት ለሱም ክልክል ነው። በጆሮ የዋሸ ደግሞ ምላሱን ያጣል። ሱመሎስ በጠላ ቤት ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ በጆሮ ወሬ ግን ለመዋሸት ደፍሮ አያውቅም። ይህን ሁሉም ያውቃል።

«በምላስህ ትምላለህ?»

«በምላሴ።»

«በል ጠጋ።»

ሱመሎስ አጎነበሰ። የገዥው ጆሮ የዓሣማ ስብና የወይን ጠጅ ይሸታል። «ከረግረጉ ማዶ፣ በአኻያው ጫካ ውስጥ፣ አንድ የሮማ ሹም አለ። ሁለት ጋሪ ወይን ጠጅ አስከትሏል፤ ጋኖቹ ማኅተማቸው አልተነካም። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገርም ይዟል። ክብ ነው።»

«ክብ?»

«ክብ። መሃሉ ባዶ ነው። ይህን ያህል ነው» አለና በሁለት እጁ የራሱን ራስ ለካ።

ኮምባሮማር ምራቁን ዋጠ። «ለማን ነው አለ?»

«እኔ ካባ ቆራጭ ነኝ ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ምን አውቅልሃለሁ ብዬ ነው ያለፍኩት። አስተርጓሚው ግን ‘ትልቁ ሰው ይምጣ፤ ካልመጣ ከሱ የሚቀጥለው ይምጣ’ ብሎ ይጣራል።»

የኮምባሮማር ዓይን በራሱ ጊዜ ወደ አማቹ ሄደ። ቶውቲል የመሃረቡን ጫፍ እያረጠበ ጢሙን ያስተካክል ነበር።

«ለምን እዚህ አይመጣም?»

«ሮማዊ በዚህ ሁሉ ጦር መሃል ሲገባ አይተው ያውቃሉ?»

«ሰው ልላክ።»

«ይላኩ። ለሚላከው ሰው ግን ምን ብለው ይነግሩታል?»

ሹክ ማለት ለገዥውም ክልክል ነው፤ ራሱ በየጉባኤው የሚያስነብበው ሕግ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ባዶው ጉድጓድ አየ፣ አንድ ጊዜ ወደ መንገዱ። መንገዱ ባዶ ነው። ካምቦን ያውቀዋል፤ ካምቦ ሲዘገይ እንጂ ሲፈጥን ታይቶ አያውቅም። ሄዶ ለመመለስ ጊዜ ሞልቶታል።

ተነሣ። «ሆዴን ትንሽ...» አለ ለባላባቶቹ። «አሁን መጣሁ።»

«ጦርዎን ጌታዬ» አለ ሱመሎስ ቀስ ብሎ። «ዘውድ ያለ ጦር የሙሽራ አበባ ይመስላል።»

ኮምባሮማር ጦሩን ከጉድጓዱ ነቅሎ ፈረሱ ላይ ወጣ፤ ሁለት ሰው ከሥር እየገፋው። ለመጸዳጃ ፈረስ ላይ የሚወጣ ሰው ማንም አይቶ አያውቅም። ግን አንድም የጠየቀ የለም። ገዥ ከሆነ ገመናውም ሩቅ አገር መሆን አለበት ብለው እጅ ነሥተው ሸኙት። የጦሩን መነቀል ልብ ብሎ ያየው ካህኑ ቬላን ብቻ ነው። ሽማግሌው የበሩን ገመድ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ያንቀላፋ ይመስል ነበር፤ አንድ ዓይኑ ግን ተከፍቶ የተነቀለውን ጦር ተከተለው፣ ከዚያ ሱመሎስ ላይ ቆየ፣ ከዚያ ተከደነ።

*

ከዚህ በኋላ ሱመሎስ የሚያደርገው ምንም አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ተናግሮ የኖረ ሰው ዝም ብሎ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ መንገድ ማየት ብቻ ቀረው። ምላሱ በአፉ ውስጥ ከብዶታል፤ ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ ጥርሱን ነካካበት፤ እንደ መሰነባበት።

በስተምሥራቅ መንገዱ ባዶ ነው። በስተምዕራብ ቀዩ ካባ ረግረጉን ተሻግሮ አኻያው ውስጥ ገባ። ጠፋ። ቆየ። ከዚያ ከጫካው ወጣ፤ ብቻውን፤ ፈረሱ እስከ ሆዱ ጭቃ ነክቶታል። በዚያኛው በኩል ግን ከኮረብታው አናት አቧራ ተነሣ።

«ሰው መጣ» አለ አንዱ።

ባላባቶቹ ወደ አጥሩ ተጠጉ። መጀመሪያ ያዩት ዳኖታልን ብቻ ነው። ከዚያ ቶውቲል ዞር ሲል ቀዩን ካባ አየ፤ ቀጥሎ የተነቀለውን ጦር ባዶ ጉድጓድ አየ፤ ነገሩ ቀስ በቀስ ሲገባው ፊቱ እንደ ማለዳ ሰማይ ተለዋወጠ። በሁሉም ፊት ላይ ይህ ለውጥ ሲያልፍ ሱመሎስ አየ። አንድ እንኳ «ጌታዬ ፍጠን» ብሎ የጮኸ የለም። አንድም ለዳኖታል የጮኸ የለም። ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ መጮህ አደገኛ ነው። ያ ሁሉ ፉከራ፣ ያ ሁሉ የወርቅ አንገትጌ፣ አጥር ላይ ተደርድሮ ትንፋሹን ውጦ ቆመ።

ኮምባሮማርም ገብቶታል። ፈረሱን በጦሩ እጀታ ይደበድብ ጀመር፤ ሳይሰስት የሚያዝንለትን ፈረስ። ረግረጉ ግን ገዥ አያውቅም። ፈረሱ አንድ እግሩን ሲያወጣ ሌላው ይሰምጣል። በወዲያኛው የዳኖታል ፈረስ ቁልቁለቱን ሊጨርስ ሲል ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ሱመሎስ ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍተው ልጁ በእግሩ እየሮጠ ነበር፤ ጦሩን በእጁ ይዞ፣ አንድ ጫማው ወልቆ። ከኋላው ሊቱማራ በመጋላው ፈረስ ላይ ሆና የምትለው አይሰማም፤ ስድብ እንደሆነ ግን ከአፏ ያስታውቃል።

የኮምባሮማር ፈረስ ከረግረጉ ወጣ። ደረቅ መሬት ሲያገኝ ጋለበ። የሰኮናው ድምፅ በር ላይ ደረሰ። ዳኖታል ከበሩ ገባ፣ ጉድጓዱን ፈለገ፣ አጣው፤ ዓይኑ ላብ ሞልቷል። «በግራህ» አለ ሱመሎስ፣ ድምፁ እንደ እንግዳ ሰው ድምፅ ሆኖበት። ልጁ ጦሩን ሰካውና ላዩ ላይ ወደቀበት። የኮምባሮማር ፈረስ የበሩን እንጨት ገፍቶ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ገዥው ከኮርቻው እንደ ጆንያ ወርዶ፣ እየሮጠ፣ ጦሩን ከጉድጓዱ ከተተው።

ቬላን ተነሥቶ በሩን በገመድ አሰረ።

«ጦሮች ሁሉ ተተክለዋል» አለ ካህኑ። «መጨረሻ የተተከለው የማን ነው?»

ሰማዩን ያየ አለ፣ እግሩን ያየ አለ። ቶውቲል አንዲት ጉንዳን በታላቅ ጥሞና ይመለከት ነበር። በዝምታው መሃል የተናገረው ዳኖታል ነው፤ ምንም ያላየው፣ ምንም የማያውቀው። «የኔ መስሎኝ ነበር» አለ እያለከለከ።

«የሱ ነው» አለ ኮምባሮማር ወዲያው። «ራሱ አመነ።»

«ሕጉ የሚለው...» ብሎ ካህኑ ሲጀምር፣

«እኔ ከንጋት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ሁላችሁም አይታችኋል።»

ሱመሎስ ሰይፉን መዘዘ። ሄዶ ከፊቱ ቆመ። «ጌታዬ፣ ካህኑ እየተናገሩ ነው። ዝም ይበሉ።»

«አንተ ማነህና...»

«ሕጉ የሚለው» አለ ቬላን፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «የተነቀለ ጦር እንዳልተተከለ...»

«ይህ ሽማግሌ ጃጅቷል፤ አትስሙት።»

«ጌታዬ፣ ዝም ይበሉ። ሁለተኛ ነው።»

«ቶውቲል፣ ይህን ውሻ ከፊቴ አንሣልኝ።»

ቶውቲል ጉንዳኗን እየተከተለ ነበር። ሱመሎስ ቀዩን ካባ በግራ እጁ ጨበጠና ቆረጠ። ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ ሰይፉ አንዴ አልጨረሰውም፤ መጋዝ እንደሚገዘግዝ ገዘገዘው። ካባው ሲወድቅ ከሥሩ በሦስት ቀዳዳ የተራዘመው ቀበቶና እስከ ወገብ የደረሰው ጭቃ ታየ። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ። ቀድሞ ሆዱ አልወፈረም ብለው የመሰከሩት ባላባቶች ከሁሉ የበለጠ ሳቁ።

ኮምባሮማር ድንጋይ ቢወረውሩበት ይችለው ነበር። ሳቁን አልቻለም።

«ይህ ውሸታም ነው የላከኝ» አለ፣ ጣቱን ወደ ሱመሎስ ቀስሮ። «በጆሮዬ ዋሽቶ። ጫካው ውስጥ የሮማ ሹም ዘውድ ይዞልህ መጥቷል ብሎ...»

አቆመ። ቃሉ ግን ወጥቷል። ሳቁ ውሃ እንደተደፋበት እሳት ጠፋ።

ዳኖታል ቀና አለ። እስከዚያች ሰዓት ገዥውን አንቱ ከማለት በቀር ሌላ ብሎት አያውቅም።

«ሄድክ?» አለው።

ኮምባሮማር ዓይኑን ወደ ጭቃው እግሩ ሰበረ። በዚያ ሜዳ ላይ ከዚህ የሚያጥር ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም።

ስለ አሟሟቱ ማስረዘም አያስፈልግም። ሕጉ በሁሉ ፊት ይላል፤ በሁሉ ፊት ሆነ። ሱመሎስ መጀመሪያ ሊያይ ቆርጦ ነበር፤ ግን ሰውየው እጅ እግሩ ሲያዝ እሱን ፈልጎ አየው፣ እንደ ሕፃን፣ ነገሩ ቀልድ ነው እንዲለው የሚጠብቅ ይመስል። ሱመሎስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ጠፋውና ዞረ።

ከዚያ አንዱ የምላሱን ነገር አነሣ። የጆሮ ወሬ ሐሰት ነበር፤ ሕግ ሕግ ነው አለ፤ ድምፁ ከኋላ ረድፍ ስለመጣ ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ሁሉም ግን አዎ አዎ አለ። ቬላን ጢሙን ዳሰሰ። «ወሬ ሐሰት ይሁን እውነት የሚፈርደው የዓመቱ ገዥ ነው። አሁን ገዥ የለንም። ሲመረጥ ይፈርዳል» አለና ዳኖታልን እንዲናገር ጠራው።

ዳኖታል መሃል ገባ። አንድ እግሩ ባዶ ነው። ንግግር አያውቅም፤ እህሉ ስንት ጊዜ እንደተሻገረ፣ ጋሪው የማን ማኅተም እንደነበረው፣ ከጆንያው ሥር ምን እንዳገኘ ብቻ ተናገረ። ልጆቹን በየስማቸውና በየመንደራቸው ጠራቸው። ከአጥሩ ውጭ ሊቱማራ ጋሪዋ ላይ ተቀምጣ፣ ካምቦ አሁንም እያንኮራፋ፣ የልጇን ድምፅ ብቻ ትሰማለች።

ሱመሎስ ሰይፉን ተደግፎ ይሰማ ነበር። ከጎኑ የሽቶ ሽታ መጣ። ቶውቲል ነው።

«ካባ ቆራጭ» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ማታ ገዥ ይመረጣል። ብዙ ሰው ስሜን እያነሣ ነው።»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ።»

«እኔ ከሆንኩ ስለ ምላስህ የሚጠይቅህ የለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ቶውቲል ወዲያና ወዲህ አየ። ዳኖታል ከአንድ ወንዝ ዳር መንደር ስለተወሰዱ መንትዮች ይናገር ነበር። «ያ ሰውዬ...» አለ ቶውቲል፣ «ጫካው ውስጥ ያለው። ኮምባሮማር ቸኩሎ በደንብ ሳይፈልግ ይሆናል የተመለሰው። እሱ ከሌለ ከሚቀጥለው ጋር እነጋገራለሁ ሳይል አይቀርም፤ አላለም?»

ሱመሎስ ወደ ሰውየው ዞረ። ፊቱ ላይ እፍረት ፈለገ፤ ከጉጉት በቀር ያገኘው የለም።

«ብሏል» አለ።

«ጉባኤው ሲበተን ብቻዬን ወጣ እላለሁ። ለማንም እንዳትናገር።»

«ለማን እነግራለሁ ጌታዬ? ገዥ የለንም።»

ቶውቲል ደስ ብሎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ ፊቱን ወደ ዳኖታል መለሰና ስለ መንትዮቹ ሲሰማ ከጉባኤው ሁሉ ቀድሞ እንባውን ጠረገ።